ከአገሩ የወጣ ቤተሰብ ባህሉን በምን ያቆየዋል?

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ በረሃ አቅጣጫ፣ በባሶ ሊበን ውስጥ ይጁቤ ትገኛለች። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ አካባቢ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ ቡና የሚያመጣውን ነጋዴ ከሰሜን አሞሌ ጨው ጭኖ ከሚመጣው ጋር ያገናኝ ነበር፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1842 አይቶ ጽፎለታል። እኛ የምናነሣው ግን ስለ ሸቀጡ ሳይሆን፣ ከዚያው አገር ተነሥቶ አዲስ አበባ ስለ ከተመው ቤተሰብ ነው።

የጎጃም ሰው አዲስ አበባ ሲገባ ቋንቋው አይለወጥም፤ ቤተ ክርስቲያኑም እንጀራውም አይቀርበትም። ስለዚህ ልጆቹ አንዳች የጎደለባቸው አይመስለውም። የሚጎድለው ግን አለ፤ ይኸውም በጽዋ ማኅበር ላይ ይታያል።

ማኅበር ድግስ ብቻ አይደለም። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በአንድ ቅዱስ ስም፣ በየተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ። ካህኑ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካል፤ ሙሴው ሥርዐቱን ይመራል፤ የቀረ ሰው ካለ ምክንያቱ ይጠየቃል፣ የታመመ ይጎበኛል፣ የተጣላ ይታረቃል። በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። አባት ሲሞት ልጅ «የአባትህን ቦታ ያዝ» ይባላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ ተመልካች መሆኑ ይቀርና ደጋሽ፣ አስታራቂ፣ ጠያቂ ይሆናል። (ጠላውን የምትጠምቀው እናት ወይም እኅት መሆንዋን መርሳት አይገባም፤ በአባትዋ ቦታ የሚጠራት ግን እምብዛም ነው።)

በከተማ ልጁ ሥራ አለበት፤ ቤቱም ጠባብ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያዋጣል። ድግሱ አልቀረም፤ ተራው ግን ቀረ። «ጎጃሜ ነኝ» ማለት እናውቅበታለን፤ የአባታችን ማኅበር በስንተኛው ቀን እንደሚውል የምናውቅ ግን ስንቶቻችን ነን?

ከዚህ የከበደ ፈተና የገጠመው የቤተ እስራኤልን ሰው ነው። በጎንደርና በትግራይ ሳሉ በስግድ ቀን ጾመው፣ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጡና ኢየሩሳሌምን እየናፈቁ ይጸልዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1985 እና በ1991 ብዙዎቹ በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። ታዲያ ኢየሩሳሌምን የሚናፍቅ በዓል ኢየሩሳሌም ከገባ በኋላ ምን ይሁን? አልቀረም። በየዓመቱ ከልዩ ልዩ ከተማ ተነሥተው ኢየሩሳሌም ይሰበሰባሉ፤ ቄሶቹ ጥላ ተይዞላቸው በግዕዝ ያነባሉ። ቀድሞ የወደፊቱን አገር ያስናፍቅ የነበረው በዓል አሁን የተለዩትንም አገር የሚያስታውስ ሆነ። የእስራኤል ምክር ቤትም በ2008 (እ.ኤ.አ.) በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው። እዚያ የተወለደው ወጣት ግን ግዕዙን አይሰማም፤ ሕጉም ቀኑን እንጂ ቄሶቹን የሚተካ ልጅ አይሰጥም።

ወደ እኛው ስንመለስ፣ ማኅበሩን ለከተማ ኑሮ ማመቻቸት ነውር አይመስለንም። ሥጋውና ወጡ ይቅር፤ አንድ ዳቦና አንድ ማሰሮ ጠላ ይበቃል። ቀኑም ወደ እሑድ ቢዛወር የሚቀየም ቅዱስ ያለ አይመስለንም። ጽዋውን ግን ልጁ፣ ወይም ልጅቷ፣ ተቀብለው ወደ ቤታቸው ይውሰዱ፤ አባትም በሕይወት ሳለ ይሁን።