ባቡር ትቶት የሄደው ዳገት፦ በምሥራቅ አልፕስ መኪና የማይገባባቸው የብስክሌት መንገዶች

ብስክሌት ነጂ ተራራ አገርን የሚፈራው በሁለት ነገር ነው፤ በዳገቱና በመኪናው። ሜዳ ላይ ከዋናው መንገድ ጎን ሌላ ቀጭን መንገድ ማውጣት ብዙ አያስቸግርም። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ግን ወንዙ፣ አውራ ጎዳናው፣ ባቡሩና መንደሩ ያችኑ አንዲት ደልዳላ መሬት ይሻሙባታል፤ በዚህ ሽሚያ ብስክሌት ሁልጊዜ ዘግይቶ የደረሰ ነው። ስለዚህ በኦስትሪያና በሰሜን ጣሊያን አልፕስ ዛሬ የሚታወቁት ረጃጅም መኪና አልባ መንገዶች ሲጀመር ለብስክሌት የተቆረጡ አልነበሩም። አንዳንዱ ባቡር ትቶት የሄደ መሥመር ነው፤ አንዳንዱ ጎርፍ ለመከላከል በወንዝ ዳር የተሠራ ክትር፤ ሌላው የገበሬ ትራክተር መንገድ። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው፣ የሚጠብቀውን ጉዞ ግማሹን አውቆታል።

ከሦስቱ የሚመረጠው ባቡር የተወው ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ በቀላሉ ስለሚንሸራተት፣ የተለመደው የተራራ ባቡር በመቶ ሜትር ርቀት ከሁለት ተኩል ወይም ከሦስት ሜትር በላይ እንዲወጣ እምብዛም አይደረግም። የተራራ አስፋልት ግን በዚያው ርቀት ስምንትና አሥር ሜትር ይወጣል። መሐንዲሶቹ ያን ለስላሳ ዳገት ለማግኘት ሲሉ ገደሉን በድልድይ ተሻገሩ፣ አለቱን በዋሻ በሱ፣ መሥመሩን በጋራው ወገብ ዙሪያ አጠማዘዙ። ለእንፋሎት ባቡር የወጣውን ያን ሁሉ ገንዘብና ጉልበት ዛሬ የሚበላው ሻንጣውን ከኋላ የጫነ ብስክሌት ነጂ ነው።

ለዚህ ዋናው ማሳያ ከሳልዝቡርግ ተነሥቶ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር በግራዶ የሚያበቃው፣ 400 ኪሎ ሜትር አለፍ የሚለው አልፔ አድሪያ ነው። ዝናው ያረፈው ከታርቪዚዮ ወደ ደቡብ በሚወርደው ክፍል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 የተከፈተው የፖንቴባ ባቡር በዚህ ሸለቆ በፌላ ወንዝ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ያልፍ ነበር። ባብዛኛው በተራራው ሆድ ውስጥ የሚሄድ ባለ ሁለት ሐዲድ አዲስ መሥመር ሲሠራ፣ አሮጌው ከ1995 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት በየተራ ተዘጋ። ሐዲዱ ተነቅሎ አስፋልት ለበሰ፤ ዋሻዎቹ መብራት ገባላቸው፤ የብረት ድልድዮቹ አጥር ተበጀላቸው። የኪዩዛፎርቴ ባቡር ጣቢያም ቡና ቤት ሆነ፤ ድሮ ተሳፋሪ ባቡር ይጠብቅበት በነበረው ቦታ ላይ አሁን ላብ ያጠመቀው ሰው ማኪያቶውን ይዞ ይቀመጣል። ፖንቴባ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የሁለት መንግሥታት ድንበር እንደነበረች የሚያስታውስ ካልነገረው፣ የዛሬው መንገደኛ ፍሬን እንኳ ሳይነካ ያልፋታል።

ይህን ያህል ካመሰገንኩት በኋላ ጉድለቱንም መናገር ተገቢ ነው። ከሞጂዮ በታች ሸለቆው ሲሰፋ የባቡሩ መሥመር ከእጅ ይወጣል፤ መንገደኛው እስከ ቬንዞኔ ባለው አካባቢ ከመኪና ጋር አስፋልት የሚጋራባቸው ቦታዎች አሉ። ቬንዞኔ በ1976 የፍሪዩሊ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ ድንጋይ በድንጋይ ተመልሳ የተገነባች ከተማ ስለሆነች ቆም ብሎ ማየት ይገባል፤ እግረ መንገዱንም ከመኪናው ድምፅ ማረፊያ ይሆናል።

የዚሁ መንገድ ሰሜናዊ ክፍል ሌላ ነገር ያስተምራል። በሳልዝቡርግና በኬርንተን ግዛቶች መካከል የታወርን ተራሮች አሉ። ብስክሌት ነጂው እዚያ ሲደርስ መውጣቱን ይተውና ብስክሌቱን ይዞ ባቡር ይሳፈራል፤ ከቡክሽታይን እስከ ማልኒትስ፣ በ1909 በተከፈተውና ከስምንት ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ዋሻ ውስጥ፣ ጉዞው አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። በራሱ ጉልበት ከባሕር ልድረስ የሚል ሰው ይህን እንደ ማጭበርበር ሊቆጥረው ይችላል። እኔ ግን የመንገዱ ብልሃት ይመስለኛል፤ ባቡሩ ባይኖር መንገዱ የጠንካሮች ብቻ በሆነ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፦ ባቡሩ ሲቆም መንገዱ ለሁለት ይቆረጣል። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 አጋማሽ መሥመሩ ለጥገና በተዘጋበት ወቅት ይኸው ታይቷል።

ባቡርና ብስክሌት ከመተካካት ይልቅ ተደጋግፈው የሚኖሩበት ሸለቆ ደግሞ በደቡብ ቲሮል ይገኛል፤ ጀርመንኛ ተናጋሪው ፊንሽጋው፣ ጣሊያናዊው ቫል ቬኖስታ ይለዋል። ከሜራኖ ወደ ማልስ ይሄድ የነበረው ባቡር በ1990 ተቋርጦ ነበር። እንደ ሌላው ቦታ ቢሆን ሐዲዱ ተነቅሎ አስፋልት ይፈስበት ነበር። እዚህ ግን በ2005 ባቡሩ እንደገና ሥራ ጀመረ፤ የብስክሌቱም መንገድ ለብቻው በአዲጄ ወንዝ ዳርና በአፕል እርሻዎች መካከል ተዘረጋ። ውጤቱ ቀላል ነው። ሰው በባቡር ወደ ላይ ይወጣል፣ በብስክሌት ወደ ታች ይወርዳል፤ ልጅ የያዘ ቤተሰብም፣ ጉልበቱ የደከመ አዛውንትም ይሄድበታል። ከፍ ብሎ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የሬሼን ሐይቅ አለ፤ በ1950 ለኤሌክትሪክ ኃይል ተብሎ መንደር ሲዋጥ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ማማ ብቻ ከውኃው በላይ ቀርቷል። ከዚያ እስከ ሜራኖ ያለው ከሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ነው። የሸለቆው መንገድ በከፊል የእርሻ መንገድ ስለሆነ ግን በመስከረም፣ አፕል ሲለቀም፣ ትራክተር ከፊት ቢመጣ ቅድሚያው የገበሬው ነው።

ከቶብላኽ ወደ ሊንትስ በድራው ወንዝ ዳር የሚወርደው 45 ኪሎ ሜትር ገደማም በዚሁ ስልት የሚሠራ ነው፤ ሰው ቁልቁል ይነዳል፣ በባቡር ይመለሳል። በበጋ ቅዳሜና እሑድ የሚጓዝበት ሕዝብ ብዛት እንደ ገበያ ቀን ስለሆነ፣ ጸጥታ ፈላጊ በማለዳ ይነሣ ከማለት በቀር ብዙ የምጨምረው የለኝም።

ከዚያው ከቶብላኽ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ግን ጠባዩ ፈጽሞ ይለያል። በኮርቲና በኩል ወደ ካላልዞ የሚሄደው የዶሎሚቲ ባቡር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደር ስንቅና ጥይት ማመላለሻ ተጀምሮ፣ በ1921 ለሕዝብ ተከፍቶ፣ በ1964 ተዘግቷል። በመካከሉ የ1956ቱን የኮርቲና የክረምት ኦሊምፒክ ተመልካች አመላልሷል። ሐዲዱ 950 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጣሊያኖች ከምጽዋ አስመራ ከዘረጉት ጋር አንድ ልክ ነበር። የዛሬው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል፤ ከፍተኛው ቦታው ቺማባንኬ 1,530 ሜትር ነው። ከኮርቲና በደቡብ አስፋልት፣ በሰሜን ግን ጠጠር ስለሆነ በቀጭን ጎማ የመጣ ሰው ይቸገራል። በክረምት በረዶ ሲሸፍነው የበረዶ ሸርተቴ ተጓዦች ይረከቡታል። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ የማሳየው ይህን ነው፤ አለቱ እንዲህ ቀርቦ፣ ዳገቱ እንዲህ ቀሎ የሚገኝበት ሌላ ቦታ ጥቂት ነው።

የካርታ መስመር የማይናገረው አንድ ነገር ነፋስ ነው። የአልፕስ ሸለቆ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ አየሩን ወደ ላይ ይስባል። ከጋርዳ ሐይቅ የሚነሣውና የአካባቢው ሰው «ኦራ» የሚለው ነፋስ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ይነፍሳል። በትሬንቶ በኩል በአዲጄ ክትር ላይ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ቁልቁለት እየሄደ ዳገት የሚወጣ ያህል ይገፋል። መፍትሔው ከምሳ በፊት መጨረስ ነው።

«መኪና አልባ» የሚለው ቃልም በጥንቃቄ ይነበብ። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ የብስክሌት መንገዶች ምልክታቸው የሚያስቀና ቢሆንም፣ መኪና እምብዛም የማያልፍባቸውን የገጠር መንገዶችም ያካትታሉ። ከፍተኛ መተላለፊያዎች ላይማ የተለየ መንገድ የለም፤ ያለው በዓመት ጥቂት ቀን መኪናን ማገድ ነው። 2,757 ሜትር ከፍታ ያለው ስቴልቪዮ፣ በሴላ ተራራ ዙሪያ ያሉት አራት መተላለፊያዎችም እንዲህ ለብስክሌት ብቻ የሚለቀቁባቸው ቀኖች አሏቸው። በሌላው ቀን የሞተር ሳይክሉን ጩኸት መቻል ግድ ነው።

ሙኒክ ለሚኖር አንባቢ አጓጊው ከቤቱ ተነሥቶ በኢንስብሩክና በብሬነር በኩል ጣሊያን መግባት ሊሆን ይችላል። ክፍተቱ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ከብሬነር ወደ ደቡብ፣ እስከ ጎሰንሳስ፣ አሮጌው የባቡር መሥመር ድንቅ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ከኢንስብሩክ እስከ ብሬነር ግን ያልተቋረጠ መኪና አልባ መንገድ የለም፤ ወይ በመንግሥት አስፋልት ላይ ከመኪና ጋር መውጣት፣ ወይ ባቡር መሳፈር ነው። ከታች እየተቆፈረ ያለው የብሬነር ታላቅ ዋሻ ሲከፈት የረጅም ርቀት ባቡሮች ወደዚያ ይዛወራሉ፤ ዋሻው በሸለቆው መንደሮች ስለማይቆም ግን የነዋሪው ባቡር በነባሩ ሐዲድ ላይ መሄዱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ያ ሐዲድ ለብስክሌት ይለቀቃል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።