«ኔብራስካ»ን እንደገና ስናዳምጥ

አሜሪካዊው የዘፈን ደራሲ ብሩስ ስፕሪንግስቲን «ኔብራስካ» የተባለውን ሸክላ ያሳተመው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት መግቢያ በኒው ጀርሲ በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል ተቀምጦ፣ ጊታርና ሐርሞኒካ እየተጫወተ፣ አብዛኞቹን ዘፈኖች በካሴት መቅረጫ ቀዳ። ሐሳቡ ለባንድ ጓደኞቹ ማስጠኛ እንዲሆን ነበር፤ ካሴቱንም ያለ ማኅደር በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር።

ኋላ ግን ዘፈኖቹን ከነባንዱ በስቱዲዮ ቢሞክራቸው፣ ሙዚቃው ደመቀና በውስጣቸው የሚናገሩት ሥራ አጥና ወንጀለኛ ሰዎች ብቸኝነት ጠፋ። ስለዚህ ያው የኪስ ካሴት ሸክላ ሆኖ ወጣ።

ዛሬም ስንሰማው የቴፑ ሽውታ ሳይቀር ይሰማል፤ ሰውየው አጠገባችን ተቀምጦ የሚዘፍን ይመስላል። እኛም ተማሪዎች ድርሰታችንን ስናሳምር፣ መጀመሪያ የጻፍነውን እውነት እንዳናጠፋው ይህ ሸክላ ያስተምረናል።