ድጓ ይዞ ወደ ቤተልሔም

አንድ የድጓ (የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ) መምህር ሲተዋወቅ ከስሙ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ «የት አስመሰከሩ?»፣ ማለትም የት ታርመው ብቃትዎን አረጋገጡ፣ የሚል ነው። «ቤተልሔም» ካሉ ሌላ የሚጠይቅ የለም።

ይህች ቤተልሔም ያለችው በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ነው። ለቅኔ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ፣ ለአቋቋም ጎንደርና ደብረ ታቦር፣ ለቅዳሴ ሰለልኩላና ደብረ ዓባይ እንደሚጠሩ ሁሉ ለድጓ የምትጠራው እርሷ ናት። የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አባም የዚያው የጋይንት ምድር ናት። ቆማና አጫብር የራሳቸው የድጓ ስልት አላቸው፤ ዛሬ በብዙው አጥቢያ የሚሰማው ግን የቤተልሔም ነው። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፈሪም ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በ3 ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ጥናት በዚሁ ስልት ላይ ያረፈ ነው።

አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያመለክት ወጣት ድምፁና ጆሮው ይፈተናል፤ የሚማረው ከተቀበሉት በኋላ ነው። ቤተልሔም ለምስክር የሚሄደው ተማሪ ግን አብዛኛውን ትምህርት ጨርሶ ነው የሚደርሰው። ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊት ደግሟል፣ ውዳሴ ማርያምን በዜማ ይዟል፤ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉንና ድጓውን በየመምህሩ ደጅ ቀጽሏል። የዓመቱ በዓላትና ወቅቶች ሁሉ፣ ከዮሐንስ እስከ አስተምሕሮ፣ ከጾም እስከ ፋሲካ፣ በጉሮሮው ውስጥ ናቸው።

ጥሩ ድምፅ ብቻውን እዚያ አያደርስም። ዝግጅቱ የሚከብደው ምልክቱ ላይ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት የሚነገረው የዜማ ምልክት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሒደትና ቁርጥ ያለው ነው፤ ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የት እንደሚቆረጥ ያሳያል። ሁለተኛው ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ ሲሆን የታወቀን የዜማ ሐረግ በአጭሩ ያስታውሳል። የዚህኛው ቁጥር በመቶዎች ነው። ሐረጉን አስቀድሞ በቃሉ ላልያዘ ሰው ፊደሏ ምንም አትነግረውም። ስለዚህ ተማሪው ቀን በመጽሐፍ፣ ሌሊት በጨለማ በቃሉ ይቀጽላል፤ የዜማ ዓይነቶቹን፣ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን፣ ሳያምታታ ደጋግሞ ያዜማል።

ከዚያ መጽሐፉ አለ። በቆየው ልማድ የድጓ ተማሪ የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል። ብራናው፣ ቀለሙ፣ መቃው የራሱ ጣጣ ነው። ሲጽፍ ግን ሌላ ጥቅም ያገኛል፤ በጆሮ ያለፈው ስሕተት በብዕር ሲደርስበት ይታየዋል። ቤተልሔም ሲደርስም ዜማው ብቻ ሳይሆን የመጽሐፉ ምልክት ጭምር ይታረማል። የአንዱ ሀገር መምህር አንዲት ሐረግ አስረዝሞ አስተምሮት ከሆነ እዚያ ትቃናለች። ምስክርነቱን የከበረ ያደረገው ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ከየአቅጣጫው የመጣው ዜማ አንድ ሆኖ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በጎጆ እያደረ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ባገኘው ቁራሽ ነው። ከእስቴም፣ ከስማዳም፣ ከሩቅ ሀገርም ይመጣል። የሚያሳዝነው በዚህ መንገድ መካከል ረኀብና በሽታ ያስቀሩት ብዙ መሆኑ ነው። ያስመሰከረው ግን በሄደበት ደብር ወንበር ይዘረጋል፤ ደቀ መዛሙርት ይሰበስባል።

ከወረታ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚያልፍ መንገደኛ በየደጁ የሚቆም የቆሎ ተማሪ ቢያይ፣ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላልና ከስንቁ ያካፍለው።