«ልጅ የሌላት ሞግዚት ትፈለጋለች»

ስልካችሁ ላይ ካሉት የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎች አንዱን ክፈቱና «ሞግዚት» ብላችሁ ፈልጉ። የሚመጣላችሁ ይኼን ይመስላል፦ «ሞግዚት ትፈለጋለች። አዳሪ። የሕፃን አያያዝ በደንብ የምታውቅ። ተያዥ ያላት። ልጅ የሌላት።» ወረድ ብላችሁ የሚቀጥለውን አንብቡ። ሰፈሩ ከአያት ወደ ጀሞ ይቀየራል፣ ደሞዙ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የመጨረሻዋ ሐረግ ግን ብዙ ጊዜ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ልጅ የሌላት።

የሕፃን አያያዝ የት ተምራ እንድትመጣ ነው የምንፈልገው? ታናናሾቿን ያሳደገች ትኖራለች። ብዙዎቹ ግን ሕፃን መያዝ የለመዱት ወልደው ነው። ይኼን የሚያውቅ ደላላ ደግሞ «ልጅ አለኝ እንዳትዪ» ብሎ ይመክራታል። እሷም አትልም። ልጇ አገር ቤት አያቱ ጋ ይቀራል፤ ካልሆነም እዚሁ አዲስ አበባ ጎረቤት ጋ በወር እየተከፈለለት ይውላል። አሠሪዋ «ዘመድ ታሞብኝ ነው» ተብላ ፈቃድ ስትጠየቅ፣ የታመመው ማን እንደሆነ አታውቅም።

እኔ ቤት የመጣችው ሴት ይኼን መደበቅ የቻለችው ሦስት ቀን ብቻ ነው።

የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር የቀጠርኳት። የምሠራው የግል ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጠኛል። ሐኪሞች «ጡት ብቻ» የሚሉት እስከ ስድስት ወር ነው፤ 90 ቀን የዚያ ግማሽ ነው። እህቴ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ስለነበር፣ ልጇን ይዛ ትገባና በሻይ ሰዓት ወርዳ ታጠባለች። እኔ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያለኝ አማራጭ ሞግዚት ነበረች።

በሦስተኛው ቀን አቡሽን (ልጄን ለዚህ ጽሑፍ አቡሽ ልበለው) አስተኝታ መጣችና በር ላይ ቆመች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ካልተስማማዎት ዛሬውኑ እሄዳለሁ።» በዕድሜ እኩያዬ ናት ማለት ይቻላል፤ «እትዬ»ንም «እርስዎ»ንም ላስተዋት ሞክሬ አልተሳካልኝም። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ማሚ እንበላት። በቀን የምትይዝላት ጎረቤቷ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው።

አማቴ ነገሩን ስትሰማ «የናት ሆድ ወደ ልጇ ነው፤ ያንቺን ማን ያይልሻል?» አለች። ፍርሃቷን አልናቅሁትም። የሦስት ወር ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ሁሉን የምትነካ፣ ከውጭ ጉንፋን ይዛ የምትገባ የሁለት ዓመት ልጅ መጨመር ቀላል አይደለም። ግን ሌላውንም አሰብኩት። ልጇን ከማታውቃት ሴት ጋ ትታ፣ ቀኑን ሙሉ ስልኳን እያየች የምትውል ሴት ናት ለአቡሽ የምትሻለው? ደግሞ እውነቱን የነገረችኝ እሷው ናት። ለአንድ ወር እንሞክረው ተባባልን።

ስምምነታችንን ወረቀት ላይ አላሰፈርነውም፤ ግን ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ተነጋግረናል። ተመላላሽ ናት፤ ጠዋት 1 ሰዓት ትገባለች፣ 11 ሰዓት ተኩል ባለቤቴ ሲመጣ ትወጣለች። ደሞዟ አልተነካም። አንዲት ጓደኛዬ «የልጅቷን ምግብ አትቀንሺባትም እንዴ?» ብላኛለች። ሥራው ያው ሥራ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ግማሽ እንጀራ እንኳ አትጨርስም። እንቁላልም ወተትም ቤት ካለው ትበላለች። ከሁለቱ አንዳቸው ካተኮሳቸው ያን ቀን ማሚ አትመጣም፤ እናቷም ከሷ ጋር ትቀራለች፣ አማቴ ትመጣለች ወይም እኔ ከዓመት ፈቃዴ እወስዳለሁ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ የበረንዳውን በር መቆለፍ፣ መድኃኒቱንና ካውያውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነበረብን። ይኼ እንኳ አቡሽ መዳህ ሲጀምር የማይቀርልን ነበር።

ጠዋት ጠዋት አቡሽን አዝላ፣ ማሚን በእጇ ይዛ ፀሐይ ልታሞቀው ትወርዳለች። ጎረቤቶች መጀመሪያ «ሁለተኛዋ የማን ናት?» ይሉ ነበር። አሁን ማንም አይጠይቅም።

ከሁሉ የከበደኝ አንድ ቅዳሜ ያየሁት ነው። ቤት ነበርኩ። ሁለቱም እኩል አለቀሱ፤ አቡሽ ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ማሚ በር ጣቷን ቆንጥጧት። እናቷ በማሚ አጠገብ አልፋ ወደ አቡሽ ሄደች። ማሚ ደግሞ ወዲያው ዝም አለች። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ፣ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ እናቷን ታያለች። የሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ሌላው ሲያለቅስ የሷ ልቅሶ እንደማይቆጠር አውቃዋለች።

«ለምን መጀመሪያ እሷን አላየሻትም? እሱ እኮ እንቅልፉ ነው፤ እሷ ጣቷ ነው» አልኳት።

«እርስዎ እያዩኝ?» አለችኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በኋላ ግን ደንብ አወጣን፤ የባሰ የተጎዳው መጀመሪያ ይነሳል፣ የማንም ልጅ ይሁን። ሰምታኝ ሳቀች። እሺ አለች፤ ግን እኔ ባለሁበት አላደረገችውም። እኔ ሥራ ስሆን ምን እንደምታደርግ ደግሞ በምን አውቃለሁ? ወራት አለፉ። አንድ ቀን አማቴ ልትጠይቀን መጥታ ውላ፣ ማታ ኩስትር ብላ ጠበቀችኝ። «ሁለቱ ወድቀው ሲያለቅሱ የራሷን አስቀድማ አነሳች፤ እኔ ነኝ ያንቺን ያነሳሁት!» አለች። «ማሚ ምን ሆና ነበር?» አልኳት። «ከንፈሯ ደምቶ ነበር።» «አቡሽስ?» «እሱስ ደንግጦ ነው።» እሰይ አልኩ በሆዴ። ለአማቴ ግን ሻይ ነው ያፈላሁላት።

«ሞግዚት» የሚለው ቃል ራሱ ትልቅ ቃል ነበር። በ1901 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ፣ ልጁ ገና ስለነበር ሞግዚት የተደረጉለት ራስ ተሰማ ናደው ነበሩ። ዛሬ ያ ስም ያላት ሴት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ውስጥ እንኳ ቦታ የላትም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ለማይገኝበት የግል አገልግሎት የሚደረግን የሥራ ውል ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል፤ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ትቶታል። የኔን 90 ቀን የሰጠኝ አዋጅ ለሷ አንድም ቀን አይሰጣትም። እኔ ከሥራ ብቀነስ፣ ወይም አንድ ጠዋት ሐሳቤን ብቀይር፣ ማሚ በማግስቱ የምትውልበት የላትም።

ስለዚህ «ልጅሽን አምጪ» ማለት ሁልጊዜ ደግነት ነው ብዬ አልከራከርም። ልጇን ይዛ እንድትመጣ ተፈቅዶላት፣ ቀስ በቀስ መውጫ ሰዓቷ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የተገፋባትን ሴት አውቃለሁ። «ልጅሽ እዚሁ ናት፤ ምን ያስቸኩልሻል?» ነው የሚሏት። ልብስ ማጠቡም፣ እንጀራ መጋገሩም፣ ሕፃኑም በአንዲት ሴት ላይ በተጫነበት ቤት የራሷ ልጅ መምጣት ሸክሟን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። የመጣችው ልጅ አሥር ዓመት ከሞላት ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሱቅ ትላካለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ሕፃኑን ታባብላለች፤ ማንም ሠራተኛ አይላትም፣ ማንም አይከፍላትም። ያው አዋጅ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት ያደረገው እንዲህ ያለው እንዳይመጣ ነበር፤ የሳሎናችንን በር ግን አላንኳኳም።

አዳሪ ለሆነችው ይኼም ምርጫ የለም። የሰው ቤት አዳሪ ሆና ልጅ አምጥታ የት ታስተኛለች? የእኔዋ ሞግዚት እህት ቤሩት ናት፤ እዚያም ሕፃን ነው የምትይዘው። የራሷን ልጅ የምታየው በኢሞ ነው፣ ኔትዎርክ ሲኖር። ማሚ አንዳንዴ ስልኩ ውስጥ ያለችውን አክስቷን በእንጀራ ልታጎርሳት ትሞክራለች።

አሁን የተፋጠጥነው ከመዋዕለ ሕፃናት ጋር ነው። ማሚ በመስከረም አራት ዓመት ይሞላታል። ከብሎካችን ሁለት ማቆሚያ አለፍ ብሎ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፤ እናቷ ልትጠይቅ ሄዳ የነዋሪነት መታወቂያዋን ስታሳይ «ወደ ወረዳሽ ሂጂ» ብለዋታል። በወረዳዋ ካስመዘገበቻት ደግሞ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ማን ያወጣታል? እናቷ በዚያ ሰዓት እኔ ቤት አቡሽን እያበላች ነው። አማቴ ትናንት ደውላ «ወረዳው ጽሕፈት ቤት የማውቀው ሰው አለ፤ ልጠይቅላት?» አለችኝ። ሰኞ አብረው ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል።