የማረሚያ ቤቱ በር ሲከፈት፦ በሱስ የተያዙ ታራሚዎች ማገገምና የአጥቢያው ድርሻ

አጥቢያዎቻችን ታራሚን መጠየቅን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። በበዓላት ሰሞን ዳቦው፣ አልባሳቱና ሳሙናው ተሰብስቦ ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት ወደ ማረሚያ ቤት ይሄዳሉ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታሰረን መጠየቅ እርሱን እንደ መጠየቅ አድርጎ ስለ ቈጠረው፣ ይህ አገልግሎት በምእመናን ልብ ሥር የሰደደ ነው። ይሁን እንጂ ጥየቃችን ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ታራሚው በሚፈታበት ዕለት ነው። በመጠጥ፣ በጫት፣ በሐሺሽ ወይም በሌላ አደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለተያዘ ሰው ግን ከባዱ ፈተና የሚጀምረው በዚያው ዕለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የባሕርይ ሕክምና ምን እንደ ሆነ፣ ለምን በማኅበረሰብ ውስጥ መቀጠል እንዳለበትና አጥቢያ በአቅሙ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እናብራራለን። የምናስረዳው ዋና ነገር አንድ ነው፤ በማረሚያ ቤት ውስጥ የተጀመረ ማገገም የሚጸናው በውጭ የሚቀበለው ኅብረት ሲኖር ነው።

ሱስ በሰውነትም በልማድም ይኖራል

ሱስ ሁለት ሥር አለው። አንደኛው በሰውነት ውስጥ ነው። አእምሮና ሰውነት ከሚወሰደው ነገር ጋር ይላመዳሉ፤ ሲቋረጥም ይታወካሉ። ጫት ያቆመ ሰው ድካምና ድብርት ይጫነዋል፤ ሌሊትም ሕዝባችን «ዱካክ» የሚለው ቅዠት ያስጨንቀዋል። መጠጥ ያቆመ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል። ይህ የሰውነት ሁከት በአብዛኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሁለተኛው ሥር ልማድ ነው፤ ይህ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነቀልም። አንድ ሰው ለዓመታት ከምሳ በኋላ በአንድ ቤት፣ ከእነዚያው ጓደኞች ጋር ሲቅም፣ ማታም ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብሎ ወደ መጠጥ ቤት ሲያመራ ኖሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ለኖረ ሰው ሰዓቱ፣ መንገዱ፣ የጓደኛው ድምፅ፣ በኪሱ የገባው ገንዘብ፣ በቤት ውስጥ የተነሣው ጠብ ሁሉ ሐራራን ይቀሰቅሱበታል። እስር ሰውየውን ከእነዚህ ቀስቃሾች ያርቀዋል እንጂ ቀስቃሾቹን ኃይል አያሳጣቸውም። ስለዚህ «ሦስት ዓመት ሳልነካው ኖሬያለሁ፤ ድኛለሁ» የሚል ታራሚ ውሸት አልተናገረም፤ ነገር ግን ገና አልተፈተነም። የሚፈተነው ወደ ቀድሞ ሰፈሩ በተመለሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

በዚህ ረገድ ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ነው። ከ30,000 በላይ ከእስር የተፈቱ ሰዎችን የተከታተሉት ተመራማሪዎች፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተፈቺዎች የመሞት አደጋ ከሌላው የግዛቱ ነዋሪ 12.7 እጥፍ እንደ ነበር አገኙ። ከመጠን ያለፈ ዕፅ በመውሰድ የመሞት አደጋውማ 129 እጥፍ ደርሶ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ግልጽ ነው። በእስር ዘመን ሰውነት ዕፁን የመቋቋም ልማዱን ያጣል፤ ተፈቺው ግን የቀድሞውን መጠን ይወስዳል። በአገራችን በብዛት የሚታዩት ሱሶች ከዚያ አገር ይለያሉ፤ ስለዚህ አኃዙን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይገባም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ አስጊ መሆናቸው ግን ለእኛም ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከካሊፎርኒያ ነው። በሳን ዲዬጎ አቅራቢያ በሚገኝ ማረሚያ ቤት ውስጥ በሱስ የተያዙ ታራሚዎች ለብቻቸው በአንድ ክፍል እየኖሩ፣ ሥራ እየተጋሩ፣ እርስ በርስ እየተመካከሩና ከሱስ በወጡ አማካሪዎች እየተመሩ የሚያገግሙበት «ሕክምናዊ ኅብረት» ተቋቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የሦስት ዓመት ክትትል እንዳሳየው፣ ሕክምና ካላገኙት 75 በመቶ የሚሆኑት ወደ እስር ተመልሰዋል። በማረሚያ ቤትም ከተፈቱ በኋላም ሕክምናውን ካጠናቀቁት ግን የተመለሱት 27 በመቶ ብቻ ናቸው። በማረሚያ ቤት ጨርሰው በውጭ ያልቀጠሉት ከማይታከሙት ብዙም አልተለዩም። እርግጥ እስከ መጨረሻው የጸኑት ቀድሞውኑ ብርቱ ፈቃድ የነበራቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ለሕክምናው ብቻ መስጠት አይቻልም። ሆኖም በዴላዌርና በቴክሳስ ግዛቶች የተደረጉ ተመሳሳይ ጥናቶችም ከእስር በኋላ የሚቀጥል እንክብካቤን አስፈላጊነት አሳይተዋል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸውና የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች በመባል የሚታወቁት ዝቅተኛ መመዘኛዎችም ይህንኑ ይደግፋሉ። ደንብ 24 የሱስ ሕክምና ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ያዝዛል። ደንብ 107 ደግሞ ከፍርዱ መጀመሪያ አንሥቶ ስለ ታራሚው የወደፊት ሕይወት እንዲታሰብና በውጭ ካሉ ረዳቶች ጋር ያለው ግንኙነት እንዲበረታታ ይጠይቃል።

የባሕርይ ሕክምና እንዴት ይሠራል?

የባሕርይ ሕክምና ሱስን እንደ ተማሩት ልማድ ይመለከተዋል፤ የተማሩትን ልማድ ደግሞ በሌላ መተካት ይቻላል ብሎ ይነሣል። በተግባር ጥቂት ደረጃዎች አሉት።

መጀመሪያ ሰውየው የራሱን ምክንያት እንዲያገኝ ይረዳል። አማካሪው አይገሥጽም፤ ይጠይቃል። «መጠጡ ምን ሰጠህ? ምን ወሰደብህ? ልጅህ ትምህርት ስትጨርስ የት ሆነህ ልታያት ትፈልጋለህ?» ይለዋል። ከሰውየው አፍ የወጣ ምክንያት ከሌላ ሰው ከሚነገረው ምክር ይልቅ ይጸናል።

ቀጥሎ ቀስቃሾቹ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። በየትኛው ሰዓት፣ በየት ቦታ፣ ከማን ጋር፣ በምን ስሜት ሳለ እንደሚወስድ ይመረመራል። ለእያንዳንዱም አስቀድሞ መልስ ይዘጋጅለታል፤ በሌላ መንገድ መሄድ፣ ደመወዝ በተቀበለበት ቀን ገንዘቡን ለባለቤቱ ወይም ለእናቱ ማስረከብ፣ ሐራራ ሲነሣ የሚደወልለት ሰው መምረጥ። «አልጠጣም፣ ይቅርብኝ» ማለትም በቃል ይለማመዱታል፤ ከለመዱት ወዳጅ ፊት እንዲህ ማለት እንደሚመስለው ቀላል አይደለምና።

ሦስተኛውና ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የኑሮው መታደስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆርጅ ሀንትና ናታን አዝሪን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በኢሊኖይ ግዛት ሆስፒታል ከመጠጥ ሱሰኞች ጋር የሠሩትን አሳተሙ። ሕክምናቸውን በምክር ብቻ አልወሰኑትም። ለታካሚው ሥራ ያፈላልጉ ነበር፤ ከባለቤቱና ከቤተ ሰቡ ጋር ያስታርቁት ነበር፤ ቀድሞ መጠጥ ቤት የነበረን ቦታም መጠጥ የማይቀርብበት የመገናኛ ክበብ አደረጉት። በዚህ መንገድ የተረዱት ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ ያነሱ ቀናት ጠጡ፤ በሥራና በቤታቸውም ይበልጥ ጸኑ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሱሱን የተወ ሰው ባዶ ቦታ እንዳይቀረው ሥራ፣ ቤተ ሰብና ወዳጅ ሊተኩለት ይገባል። ይህን ማድረግ ደግሞ ከሐኪም ይልቅ ለጎረቤት ይቀላል።

ከመፈታቱ በፊት፣ በዕለቱና ከዚያ በኋላ

በወንጀል ሕጋችን መሠረት ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና መልካም ጠባይ ያሳየ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ስለዚህ የሚፈታበት ጊዜ በግምትም ቢሆን አስቀድሞ ይታወቃል። በይቅርታ የሚፈቱት ግን ብዙ ጊዜ ከዘመን መለወጫና ከሌሎች በዓላት ጋር ተያይዞ በድንገት ይወጣሉ፤ ይኸውም በየቤቱ ጠላና አረቄ በሚቀርብበት ሰሞን ማለት ነው። አጥቢያ ለሁለቱም ዓይነት መዘጋጀት ይኖርበታል።

ከመፈታቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ ታራሚው ራሱ ከፈቀደ፣ ከሰበካ ጉባኤው ሁለት ሰዎች ተመድበው ከማረሚያ ቤቱ የምክር አገልግሎት ሠራተኞች ጋር ይነጋገሩ። የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚቀበለው፣ ከተበደለው ወገን ጋር ሽምግልና የሚያስፈልገው እንደ ሆነ ይጠይቁ። የንስሐ አባቱም ቢቻል ቀድመው ያግኙት።

በሚፈታበት ዕለት በር ላይ የሚጠብቀው ሰው ይኑር። ብቻውን በመናኸሪያ ከቀድሞ ጓደኞቹ ጋር እንዳይገናኝ እስከ ቤቱ የሚያደርሰው ያስፈልገዋል። የሚሰበሰብለት እርዳታ በጥሬ ገንዘብ ከሚሰጠው ይልቅ በቤት ኪራይ፣ በልብስ ወይም በሥራ መሣሪያ ቢሆን ይመረጣል። ለደስታ የሚዘጋጀው ማዕድም ያለ መጠጥ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ የሚያገኘው ወይም የሚደውልለት ሰው ይመደብለት።

ከዚያ በኋላ ሳምንታዊ ስብሰባ፣ ቋሚ ሥራና ቋሚ አማካሪ ያሻዋል። የአጥቢያው እርሻ፣ የግንባታ ሥራ፣ በምእመናን እጅ ያሉ ወርክሾፖችና ሱቆች ለሥራ መጀመሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። እድሩም ስሙን ሳይሸማቀቅ ይመዝግበው። አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን የማይችለውን ሸክም ብዙዎች ሲካፈሉት ይቀላል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው።

በራሳችን ማዕድ ላይ ያለው ፈተና

አንድ የማንሸሸው ጥያቄ አለ። ሰውየውን ወደ ጽዋ ማኅበር፣ ወደ ተዝካር፣ ወደ ክርስትና ድግስ ስንጠራው የምናቀርብለት ምንድን ነው? በፍቅር «ቅመስ፣ ለበረከት ነው» እያልን የምንገፋው ብርጭቆ፣ ለሌላው ተራ መስተንግዶ ሲሆን ለእርሱ የመመለሻ መንገድ ሊሆንበት ይችላል። ፈቃደኛ አለመሆኑ እንደ ንቀት ከተቈጠረበትም ከማኅበሩ ይሸሻል፤ የሚሸሸውም ወደ ቀድሞ ጓደኞቹ ነው።

የማኅበር ፍቅር በጠላው ላይ አልተመሠረተም። ማኅበራት ከጠላው ጎን ብርዝ፣ ኬኔቶ ወይም ንጹሕ ውኃ በእኩል ክብር ቢያቀርቡ፣ «አልጠጣም» ያለንም ሰው ምክንያቱን ባይጠይቁት፣ ያለ ብዙ ወጪ ታላቅ አገልግሎት ይፈጽማሉ። ይህን ለማስለመድ የካህናት ቃል ከማንም በላይ ይሰማል።

ጠበልና ሕክምና፣ ምሥጢርና ጥንቃቄ

ብዙ ቤተ ሰቦች ሱሰኛውን ወደ ጠበል ይወስዱታል። ጸሎቱና ጠበሉ ሕክምናን አይከለክልም፤ ሕክምናውም ጠበሉን አያስቀርም። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጥል መናድ፣ መቃዠትና የአእምሮ መሳት ሊደርስበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማሰር፣ መዝጋት ወይም ምግብና ውኃ መከልከል አደጋውን ያብሰዋል። አስቀድሞ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሊመራው ይችላል፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ከሚሰጡት መካከል ነው። ጫት ያቆመ ሰው በብርቱ ድብርት ተይዞ ሞትን የሚመኝ ከሆነም እንዲሁ ሐኪም ሳይዘገይ ሊያየው ይገባል።

ለንስሐ አባት የተነገረው ለኮሚቴ አይደርስም። ኮሚቴውም የሚያውቀውን በጉባኤ መካከል አያነሣም፤ የሰውየውን ታሪክ ለትምህርት ማስተማሪያ አያደርግም። የባለቤቱና የልጆቹ ደኅንነትም አይዘነጋ። ቀድሞ በቤቱ ድብደባ ከነበረ «ተመለስ» ከማለት በፊት የእነርሱ ፈቃድ ይጠየቅ፤ አስፈላጊ ከሆነም ለጊዜው ሌላ ማደሪያ ይፈለግለት።

ቢያገረሽበትስ?

ሱስ ብዙ ጊዜ ያገረሻል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። አንድ ቀን የጠጣ ሰው የደከመበትን ሁሉ አላጣም፤ የሚያጣው ከዚያ በኋላ በኀፍረት ሲደበቅ ነው። ስለዚህ በማግስቱ የሚፈልገው ሰው ያሻል። የሚጠየቀውም «ለምን አሳፈርኸን?» ሳይሆን «ምን ተነሥቶብህ ነበር? በሚቀጥለው ጊዜ ማንን ትጠራለህ?» ተብሎ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ ለፊልሞና የላከው አጭር መልእክት፣ ከቤቱ ኮብልሎ የነበረውን አናሲሞስን እንደ ወንድም እንዲቀበለው የሚለምን ነው። መልእክቱን የሚያነብ ካህን ለአንድ ተመላሽ ማደሪያ መለመን የአገልግሎቱ አካል መሆኑን ይረዳል።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤያት በሚቀጥለው ስብሰባቸው በሦስት ጥያቄዎች እንዲወያዩ እንጠይቃለን። ከአጥቢያችን በማረሚያ ቤት ያሉት እነማን ናቸው? በዚህ ዓመት ሊፈቱ የሚችሉትስ የትኞቹ ናቸው? ለእያንዳንዳቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከጎናቸው የሚቆመው ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ ሁለት ስሞች በቃለ ጉባኤ ላይ ከተጻፉ ሥራው ተጀምሯል።