የቢትኮይን መረብ ስፋቱ ስንት፣ ሰፈሩስ የት?

ቢትኮይን ዋና መሥሪያ ቤት የለውም፤ የአባላት መዝገብም የለውም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ሥራ ሲጀምር የተዘረጋው እንዲሁ ነው። ስለዚህ «ስንት ማሽን ይሠራበታል? የትኛው አገር ምን ያህሉን ይዟል?» ተብሎ የሚጠየቅ ቢሮ የለም። ሆኖም የመጀመሪያውን ጥያቄ ደባርቅ ወይም ዳባት የሚማር አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በስልኩ ካልኩሌተር ሊመልሰው ይችላል። ይህ እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የማይኒንግ ማሽኖች ሥራ አንድ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር እስኪገጥማቸው ድረስ ያለማቋረጥ መሞከር። የገጠመለት «ብሎክ» የሚባለውን የግብይት ገጽ ይዘጋና ሽልማቱን ይወስዳል። ሕጉ ብሎክ በአማካይ በየ10 ደቂቃው እንዲዘጋ ስለሚፈልግ፣ መረቡ በየ2,016 ብሎኩ (ሁለት ሳምንት ገደማ) ፈተናውን ራሱ ያከብደዋል ወይም ያቀለዋል። ማሽን ከበዛ ይከብዳል፤ ከቀነሰ ይቀላል። የክብደቱ ቁጥር ለማንም ክፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ከ100 ትሪሊዮን አልፏል። ይህን ቁጥር በ4.295 ቢሊዮን አባዝቶ ለ600 ሰከንድ ማካፈል ነው። በሰከንድ 716 ኤክሳሃሽ ይወጣል፤ ይኸውም 716 ተጽፎ 18 ዜሮ የሚከተለው ሙከራ ማለት ነው።

ከዚህ ወደ ማሽን መውረድ ቀላል ነው። አንትማይነር ኤስ21 የተባለው ማሽን በሰከንድ 200 ትሪሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ 3,500 ዋት ይበላል። መረቡ በሙሉ በዚህ ማሽን ቢሠራ 3.6 ሚሊዮን ያህል ማሽን፣ 12,500 ሜጋዋት ኃይል ያስፈልገዋል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። አሮጌ ማሽኖች ለተመሳሳይ ሥራ ይበልጥ ስለሚበሉ ደግሞ እውነተኛው ፍጆታ ከዚህም ከፍ ይላል። መጠንቀቅ የሚገባው ክብደቱን ትቶ የአንድ ቀን ብሎኮችን ብቻ ቆጥሮ ለሚያሰላ ነው፤ በቀን የሚዘጋው 144 ያህል ስለሆነ ዕድል ብቻውን ግምቱን 8 በመቶ ሊያዛባው ይችላል።

ሁለተኛው ቆጠራ የኖዶች ነው። ኖድ መዝገቡን በሙሉ ይዞ የሚያጣራ ኮምፒውተር ነው፤ ማይኒንግ ላይሠራም ይችላል። ቆጣሪው አንዱን ኖድ «የምታውቃቸውን አድራሻዎች ስጠኝ» ይለዋል፤ የተሰጡትን ደግሞ በተራ ይጠይቃል። ቢትኖድስ የተባለው አገልግሎት በዚህ መንገድ ከ10 ሺህ በላይ ኖዶች ያገኛል። ነገር ግን የሚቆጠረው በሩን ለእንግዳ የከፈተ ብቻ ነው። መቀመጫውን ደባርቅ ያደረገው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋልያ ሲያስቆጥርም ገደል ሥር የዋለው መንጋ ለቆጣሪው ዓይን ካልወጣ አይመዘገብም። በጋራ አድራሻ ከኢንተርኔት የሚገናኝ ኖድ እንደዚያው ነው። ከተቆጠሩትም ከግማሽ የሚበልጡት ቶር በተባለው መሸሸጊያ በኩል ስለሚመጡ አገራቸው አይታወቅም። የሒሳብ አድራሻ ቆጥሮ የሰው ብዛት ለመገመት መሞከር ግን ከንቱ ነው፤ አንድ ሰው ሺህ አድራሻ መክፈት ይችላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ማሽኖቹ የት እንዳሉ ማወቅ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማይነሮች በኅብረት የሚሠሩባቸውን ፑሎች ትብብር ጠይቀው፣ በኢንተርኔት አድራሻ እየለዩ ካርታ ሠሩ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ማይኒንግን ስትከለክል በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በካርታው ድርሻዋ ዜሮ ሆነ፤ በሴፕቴምበር 22 በመቶ ገደማ ሆኖ ብቅ አለ። ያን ያህል ማሽን በሁለት ወር ጠፍቶ ተመለሰ ማለት ያስቸግራል። ይልቅ ማይነሮቹ በቪፒኤን የሌላ አገር አድራሻ ለብሰው ቆይተው ኋላ ገለጡት ብሎ ማሰብ ይቀላል። ተመራማሪዎቹም በጀርመንና በአየርላንድ ስም የታየው ድርሻ በዚሁ ምክንያት የተጋነነ መሆኑን ተናግረዋል።

ኤሌክትሪክ ግን ቪፒኤን የለውም። የኢትዮጵያ ጉዳይ ትምህርት የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 ማይነሮች ጋር ውል እንደነበረው ተዘግቧል፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ቻይናውያን ነበሩ። ሉክሶር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚያው ዓመት አገሪቱ ለማይኒንግ ያዋለችውን ኃይል 600 ሜጋዋት፣ ከዓለም መረብ ያላትን ድርሻም 2.5 በመቶ ገመተ። ግምቱን መፈተን ይቻላል። አሮጌ ማሽን በሰከንድ ለአንድ ትሪሊዮን ሙከራ 30 ዋት ያህል ይበላል ብንል፣ 600 ሜጋዋት 20 ኤክሳሃሽ ይሰጣል፤ ይህም ከ716ቱ 2.8 በመቶ ነው። ማሽኖቹ ሁሉ ኤስ21 ቢሆኑ ግን ድርሻው ወደ 4.8 በመቶ ይወጣል።

እንግዲህ የኢትዮጵያን ድርሻ በትክክል ለማወቅ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ንባብና የማሽኖቹ ዓይነት ነው። ንባቡ በኃይል ሻጩ እጅ ነው፤ ሻጩም የሕዝብ ድርጅት ነው። ለማይኒንግ የተሸጠው ሜጋዋት በየሩብ ዓመቱ ከየማከፋፈያ ጣቢያው ተለይቶ ይታተም። ያን ጊዜ ዳባት ያለው ተማሪ ካምብሪጅን ሳይጠብቅ የአገሩን ድርሻ ራሱ ያሰላዋል።