የእርግቦች የዘር ሐረግ በእናት ወገን፦ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አገልግሎትና የናሙና አወሳሰድ ሕግ

በዓለም ላይ ከ300 በላይ የእርግብና የዋኖስ ዝርያዎች ይገኛሉ። በመጠን፣ በቀለምና በአኗኗር ቢለያዩም ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የትኛው ዝርያ ከየትኛው ጋር ይበልጥ እንደሚዛመድ በመልክ ብቻ መወሰን ግን በተደጋጋሚ ለስሕተት ዳርጓል። ይህ ጽሑፍ ዝምድናውን ለመለየት የሚያገለግለውን አንድ ሳይንሳዊ ዘዴ እና ናሙና መውሰድ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ያለባቸውን ሕጋዊ ግዴታ ያብራራል።

ማይቶኮንድሪያ ለምን ተመረጠ?

ማይቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ ከምግብ የተገኘውን ንጥረ ነገር ወደ ኃይል የሚለውጥ አካል ነው። ከሕዋሱ አስኳል የተለየ የራሱ ዲኤንኤ ያለው ሲሆን ለጥናት ተመራጭ ያደረጉትም የሚከተሉት ናቸው፦

• የሚወረሰው በእናት በኩል በመሆኑ የዘር ሐረጉን ለመከተል ያመቻል፤
• በአንድ ሕዋስ ውስጥ በርካታ ቅጂዎች ስላሉት ከአሮጌ አጥንትና ከደረቀ ቆዳ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤
• ለውጥ ፈጥኖ ስለሚከማችበት በሁለት ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት ሲያንስ ዝምድናቸው ቅርብ፣ ሲበዛ ደግሞ ሩቅ መሆኑን ያመለክታል።

መልክ የሸፈነው ዝምድና

በሞሪሸስ ደሴት ይኖር የነበረውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጠፋው ዶዶ መብረር የማይችል ግዙፍ ወፍ ነበር። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከሚገኘው ቅሪት የተወሰደው ዲኤንኤ ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ ሆነ። በዚህም የዶዶ የቅርብ ዘመድ በሮድሪገስ ደሴት ይኖር የነበረውና እርሱም የጠፋው ሶሊቴር መሆኑ ታወቀ። ዛሬ በሕይወት ካሉት መካከል ደግሞ የሚቀርባቸው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች መካከል የሚበርረው የኒኮባር እርግብ ሆኖ ተገኘ።

በሰሜን አሜሪካ በቢሊዮኖች ይቆጠር የነበረው ተጓዥ እርግብም ሌላው አብነት ነው። የመጨረሻዋ እርግብ፣ ማርታ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ሞተች። ይህ ዝርያ በረጅም ሹል ጭራው ምክንያት የዚያው አህጉር ዋኖስ ዘመድ ይመስል ነበር፤ የዲኤንኤ ምርመራው ግን ከአሜሪካ ትላልቅ እርግቦች ጋር መደበው።

ይሁን እንጂ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚናገረው የእናትን ወገን ብቻ ነው። ዝርያዎች ተዳቅለው ከነበረ ሙሉውን ታሪክ ስለማያሳይ ውጤቱን ከአስኳል ዲኤንኤ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ናሙና ለመውሰድ

ማጅራቱ ላይ ነጭ አንገትጌ ያለው እርግብ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ስፍራዎች ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዝርያ ከጠፋ ከሌላ አገር ሊተካ አይችልም፤ ላባውና ደሙ የተሸከሙት ዘረመልም የአገር ሀብት ነው።

በመሆኑም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዘረመል ሀብትን ለምርምር ለመውሰድም ሆነ ከአገር ለማስወጣት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ጥያቄው በጽሑፍ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። አዋጁ የአካባቢ ማኅበረሰቦችን ልማዳዊ አጠቃቀም ስለማይመለከት እርግብ በቤታቸው የሚያረቡ ነዋሪዎች በዚህ ምክንያት ፈቃድ እንዲያወጡ አይጠየቁም።